ቃል እምቢ ላለው ሰው የአእምሮ ጤና ድጋፍ እንዴት ይሰጣል?

አፌዥያ ቋንቋን የሚነካ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የሚከተለው ስትሮክ የአንጎልን ግራ ክፍል ሲጎዳ ነው። ሰውየው ግን ያስባል፣ ያፍራል፣ ይናደዳል። የሚቸግረው ሐሳቡን በቃል ማውጣት፣ አንዳንዴም የሰማውን መረዳት ነው። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። አፌዥያ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። እንዲያም ሆኖ "አይናገርም እኮ፣ ምን ያማክሩታል?" ተብሎ ይታለፋል። ይህ ትልቅ በደል ነው።

መጀመሪያ ቦታውን አዘጋጁ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ወረቀትና ደማቅ እስክሪብቶ ያዙ። ታማሚው ያልደከሙበትን ሰዓት ምረጡ። መነጽር ካላቸው ያድርጉ።

ከዚያ በግልጽ ንገሯቸው፦ "ሐሳቡ እንዳለዎት አውቃለሁ። ቃሉ ነው እምቢ ያለው።" ጥያቄውን ለአስታማሚው ሳይሆን ለእሳቸው አቅርቡ። ቤተሰብ በፍቅርም ቢሆን ቀድሞ ይመልሳል፤ ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻቸውን አነጋግሯቸው።

አሁን ወደ ስሜት ግቡ። "ሐዘን"፣ "ንዴት"፣ "ፍርሃት"፣ "ድካም" ብላችሁ በትልልቁ ጻፉ፤ ከየቃሉ አጠገብ ፊት ሳሉ። "ሌላ" የሚልም ጨምሩ። ይጠቁሙ። ቀጥሎ ቁም መስመር አስምሩ፦ ላይ ደህና፣ ታች በጣም መጥፎ። ዛሬ የት ናቸው? አንድ ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቃል አታቀብሉ።

"አዎ" ሲሏችሁ ወዲያው አትመኑ። በአፌዥያ "አዎ" ለማለት ታስቦ "አይ" ሊወጣ ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። "ሌሊት ይተኛሉ?" ካላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ "እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል?" በሉ። ለሁለቱም "አዎ" ካሉ ሁለቱን መልሶች ጽፋችሁ እንዲጠቁሙ አድርጉ።

የተለመዱት የድባቴ መጠይቆች በቃል የተሞሉ ናቸው። ቅርብ የሆነ ሰው ያየውን እያሰበ የሚሞላቸው፣ ለአፌዥያ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ፤ ባለሙያውን እነሱን ጠይቁ። ለቅሶ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ከስትሮክ በኋላ ሳይፈልጉት ድንገት የሚመጣ ለቅሶ ወይም ሳቅ አለ። የራሱ ሕክምና ስላለው ለሐኪሙ ንገሩ።

ራሳቸውን ስለመጉዳት ያስቡ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ካሰቡ ብቻቸውን አትተዉ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ሕክምናው በረጅም ወሬ ብቻ አይሠራም። ቀድሞ ይወዱት የነበረውን በፎቶ ደርድሩላቸውና አንዱን ይምረጡ። አትክልት መንከባከብ ከሆነ፣ ለዚህ ሳምንት አንድ ማሰሮ ውሃ ማጠጣት ይበቃል። ከእያንዳንዷ ሙከራ በኋላ ስሜታቸውን በዚያው መስመር ላይ ያሳዩ። የሥነ ልቦናና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች አብረው ቢሠሩ በጣም ይረዳል። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ይወስናል።

የጻፋችሁበትን ወረቀት አትጣሉ። ቀን ጻፉበትና ለእሳቸው ስጡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት ይምጡ።