ሞባይል ባንኪንጋችሁ ሲታገድባችሁ እንዴት ታስከፍታላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዲስ ስልክ ገዝቼ የባንኬን አፕ ጫንኩበት። የቤት ኪራይ የምከፍልበት ቀን ስለነበር ቸኩያለሁ። ፒኔን አስገባሁ፤ «ስህተት ነው» አለኝ። ደገምኩት። አሁንም ስህተት። ሦስተኛው ላይ ሌላ ጽሑፍ መጣ፦ «አገልግሎትዎ ታግዷል። እባክዎ ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ።» ላብ አሰመጠኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው 200 ብር ብቻ ነው። የወር ደመወዜ በሙሉ እዚያ አፕ ውስጥ ተቆልፎ የቀረ መሰለኝ።

አልቀረም ነበር። ገንዘቡ ያለው ሂሳቤ ውስጥ ነው፤ የተዘጋው ወደ ሂሳቡ ከሚያስገቡት በሮች አንዱ ብቻ ነበር። ይህን ሳላውቅ እሁድን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ፤ ሰኞም ሁለት ጊዜ ባንክ ተመላለስኩ። እናንተ እንዳትመላለሱ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ መሞከር አቁሙ

ሦስት ጊዜ ተሳስታችሁ ከታገዳችሁ አራተኛው ሙከራ አያስከፍትም። አንዳንድ ባንክ እገዳውን ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ራሱ ያነሳዋል፤ መነካካቱ ግን ያንን ዕድል ሊያበላሽባችሁ ይችላል። አፑን አጥፍቶ እንደገና ለመጫንም አትቸኩሉ። ብዙ አፖች ከተመዘገቡበት ስልክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ካጠፋችሁት እንደ አዲስ ተመዝገቡ ሊላችሁ ይችላል።

ይልቅ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጽሑፍ ያዙት። አፑ ስክሪንሾት አላነሳም ካለ በሌላ ሰው ስልክ ፎቶ አንሱት። ሰዓቱንም ጻፉ። «ፒን ተሳስቷል»፣ «ስልክዎ አልተመዘገበም» እና «ሂሳብዎ ታግዷል» ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ቅርንጫፍ ሄዳችሁ «አልሠራ አለኝ» ብቻ ካላችሁ ሠራተኛዋም ከየት እንደምትጀምር ግራ ይገባታል።

2. የተዘጋው ምኑ እንደሆነ ለዩ

አንድ ወዳጃችሁ በዚያው ባንክ የሚጠቀም ከሆነ ደውሉና የእሱ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁት። የእሱም ከቆመ ነገሩ የእናንተ አይደለም። ሲስተም የለም ማለት ነው፤ ጠብቁ።

የእሱ ከሠራ ስልካችሁን እዩ። ቀንና ሰዓቱ ትክክል ነው? ቪፒኤን ከፍታችኋል? አፑ አዲስ ማሻሻያ ይፈልግ ይሆን? ስልካችሁ ላይ የዴቨሎፐር ማስተካከያ (Developer options፣ ለአፕ ሠሪዎች የተዘጋጀው ቅንብር) ከበራም አንዳንድ አፕ አልከፍትም ይላል። ማጥፋት ብቻ ነው።

ከዚያ የኤቲኤም ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ማሽኖቹ የባንኮችን ክፍያ በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል ስለተሳሰሩ ያገኛችሁት የሌላ ባንክ ኤቲኤምም ሊሠራላችሁ ይችላል። የካርዱና የአፑ ፒን የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ። የአፑን ፒን በካርዱ ላይ ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ ካርዱንም ታዘጋላችሁ። ማሽኑ ቀሪ ሂሳባችሁን ካሳያችሁና ብር ከሰጣችሁ ሂሳቡ ደህና ነው፤ የታገደው ሞባይል ባንኪንጉ ብቻ ነው። ተረጋጉ። የቁጠባ ደብተርና መታወቂያ ይዞ መስኮት ላይ ማውጣትም ሁልጊዜ አለ። እኔ ሰኞ ጠዋት ኪራዬን የከፈልኩት እንደዚያ ነው።

ካርዱም መስኮቱም እምቢ ካሉ ግን የተያዘው ሂሳቡ ራሱ ነው። ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ይሆናል፤ መረጃው አልታደሰም ይሆናል። የፍርድ ቤት ወይም የሕግ አስከባሪ ትዕዛዝም ሊኖርበት ይችላል። የመጨረሻው ከሆነ ቅርንጫፉ በራሱ ሊያነሳው አይችልም። ያዘዘው አካል ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀንና ቁጥር ጠይቁና ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

3. ደውሉ፤ ግን ቁጥሩን ከየት እንዳገኛችሁት እዩ

የንግድ ባንክ 951 ነው። አዋሽ 8980፣ አቢሲንያ 8397፣ ዳሽን 6333። የሌላው ባንክ ቁጥር ካርዳችሁ ጀርባ፣ ደብተራችሁ ወይም የባንኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከዚያ ውጪ ከየትም አትውሰዱ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው።

ሰው አፑ ሲዘጋበት መጀመሪያ የሚያደርገው ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ የባንኩን ስም መፈለግ ነው። የባንኩን አርማ የለጠፉ፣ ስሙንም አስመስለው የጻፉ ገጾች እዚያ ይጠብቁታል። ችግሩን ሲጽፍ በደቂቃ ውስጥ መልስ ይመጣል፤ «ውድ ደንበኛችን፣ አሁኑኑ እንከፍትልዎታለን፤ የደረሰዎትን ስድስት አኃዝ ኮድ ይላኩልን»። ያ ኮድ የሂሳባችሁ ቁልፍ ነው። እሱን ስትልኩ ለአጭበርባሪው በሌላ ስልክ ላይ የእናንተን ሞባይል ባንኪንግ እያስከፈታችሁለት ነው። አንድ የማውቀው ልጅ የደረሰበት ይኸው ነው። ኮዱን በላከ በደቂቃዎች ውስጥ ለእናቱ መድኃኒት ያስቀመጠው ብር ወጣ።

እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ምናልባት በመጨረሻ የላካችሁትን ገንዘብ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ፒን አይጠይቅም። በመልእክት የመጣ ኮድ አንብቡልኝ አይልም። ከጠየቀ ዝጉት፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። ኮዱን አስቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁሙና አሁኑኑ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ።

መስመሩ ሲነሳ አራት ነገር ጠይቁ። የታገደው ለምንድን ነው? በስልክ ይከፈታል ወይስ መምጣት አለብኝ? የትኛውም ቅርንጫፍ ይሆናል ወይስ ሂሳቡን የከፈትኩበት ብቻ? ምን ይዤ ልምጣ? ሦስተኛዋን ሳልጠይቅ ነው ሰኞ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩት። ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጻፉ። የአቤቱታ ቁጥር ከሰጧችሁ እሱንም።

4. የስልክ ቁጥራችሁን አስተካክሉ

እንደማየው ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ሂሳብ ስትከፍቱ ወደሰጣችሁት ቁጥር ነው። ያ ሲም ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳትጠቀሙበት ቆይቶ ከተዘጋ፣ ባንኩ ቢከፍትላችሁም ኮዱ አይደርሳችሁም።

ሲሙ በእናንተ ስም ከሆነ መጀመሪያ መታወቂያ ይዛችሁ ቴሌ ሂዱና ምትክ አውጡ፤ ከዚያ ወደ ባንክ። በዘመድ ወይም በድሮ ጓደኛ ስም የወጣ ሲም ከሆነ ባለስሙ ካልመጣ ምትክ አታገኙም። ያኔ ባንኩ ላይ ቁጥሩን ማስቀየር ነው ያለው፤ ለዚያም በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነማ ነገ ዛሬ አትበሉ። የእናንተ የባንክ መልእክት እየደረሰ ያለው ለማታውቁት ሰው ነው።

ስልኩ የተሰረቀ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በቅድሚያ በሌላ ሰው ስልክ ባንኩ ጋ ደውሉና አገልግሎቱን አዘጉ። ቀጥሎ ቴሌ 994 ደውላችሁ መስመሩን አዘጉ። ምትክ ሲም ከዚያ በኋላ ነው።

5. ቅርንጫፍ ስትሄዱ

መታወቂያ፣ ደብተር፣ የኤቲኤም ካርድ፣ ሲሙ ያለበት ስልክ ከነቻርጁ። የፋይዳ መታወቂያችሁንም ያዙ። ብሔራዊ ባንክ ፋይዳን ለባንክ አገልግሎት ግዴታ ስላደረገው ሂሳባችሁ ገና ካልተሳሰረ በዚያው ጨርሱት። ገና ሲከፈት ድረሱ። ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞንና የበዓል ዋዜማ ከሆነ ሰልፉ ሌላ ነው።

እዚያ ሦስት ነገር ሊያስቆማችሁ ይችላል። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደብተሩ ላይ አንድ፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ይሆናል። አንዲት ፊደል ብትለይ ሲስተሙ ፋይዳችሁን ከሂሳባችሁ ጋር ላያስተሳስር ይችላል። ሁለተኛው የትውልድ ቀን ነው። መስከረም 20 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን 1987 ነው የተወለደው። አንዱ መዝገብ ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በእነሱ ከተጻፈ ሁለት ሰው ትመስላላችሁ። ሁለቱንም ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው ፊርማ ነው። እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው። ሠራተኛዋ ቅጹን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና ቅጹን አየችና «ይሄ ፊርማ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ። ስክሪኑን ዞር አድርጋ አሳየችኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተማሪ ሆኜ የፈረምኩት ነበር፤ ስሜን በሙሉ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ መስመር ተሰምሮበት። አሁን የምፈርመው ሁለት ጭረት ነው። እሷ ትክክል ነበረች። መታወቂያዬን አይታ፣ ኃላፊዋን አስፈቅዳ የፊርማ መቀየሪያ ቅጽ አስሞላችኝ። ሂሳብ የከፈታችሁት ድሮ ከሆነ ያኔ እንዴት ትፈርሙ እንደነበር ከቤት ሳትወጡ አስታውሱ።

6. ውጭ አገር ከሆናችሁ

ጂዳ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ሆናችሁ የኢትዮጵያው ሲም ከመሳቢያ ውስጥ ከሆነ ኮዱ አይመጣም፤ አጫጭሮቹ ቁጥሮችም ከዚያ አይሠሩም። ከባንኩ ድረ ገጽ ሙሉውን ስልክ ወይም ኢሜይል ውሰዱና ጻፉላቸው። በአካል የግድ ካሉ መንገዱ ውክልና ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ውክልናው ላይ የባንኩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩና ወኪሉ የሚሠራው ሥራ ተለይቶ ይጻፍ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ብቻ ከሆነ ባንኩ ሊመልሰው ይችላል። ከማስጻፋችሁ በፊት የሚቀበሉትን ቃል ከባንኩ ጠይቁ፤ እንደገና ኤምባሲ መሄድ ቀላል አይደለም። ወኪሉንም አስቡበት፤ የምትሰጡት የገንዘባችሁን ሥልጣን ነው።

7. ካልከፈቱላችሁ

«ነገ ይምጡ» ከሁለት ጊዜ በላይ ከሰማችሁ በቃል መነጋገሩን ትታችሁ ጻፉ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦

«የሂሳብ ቁጥሬ ይህ የሆነ ደንበኛችሁ ነኝ። የሞባይል ባንኪንግ አገልግሎቴ ከሰኔ 7 ጀምሮ ታግዷል። ሰኔ 9 እና 11 በአካል ቀርቤ የተጠየቅኩትን ሁሉ አቅርቤአለሁ። የታገደበት ምክንያትና የሚከፈትበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።»

በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱና ያዙት። ያለዚያ ማኅተም እንዳልጻፋችሁ ቁጠሩት። ቅርንጫፉ ካልመለሰ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ይሄዳል። እዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ ተቀብለው መፍትሔ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስለዚህ የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። ብሔራዊ ባንክም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ለራሱ ለባንኩ አመልክታችሁ እንደሆነ ነው፤ ያቺ ማኅተም ያለባት ቅጂ ያኔ ትሠራለች።

8. ሲከፈት

ከወንበሩ አትነሱ። እዚያው እያላችሁ አፑን ክፈቱ፣ ጊዜያዊውን ፒን ቀይሩ። አዲሱ የትውልድ ዓመታችሁ ወይም የስልካችሁ መጨረሻ አይሁን። ለወጣቷ ሠራተኛም አታሳዩ፤ ለማገዝ ብላ «እኔ ላስገባልዎት» ብትልም ራሳችሁ አስገቡት። ያለፉትን ቀናት እንቅስቃሴ ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ የማታውቁት ወጪ ካለ እዚያው ተናገሩ። ከዚያ 10 ብር ወደ ራሳችሁ ቴሌብር ላኩና መድረሱን የሚነግራችሁ መልእክት እስኪመጣ ጠብቁ። የእኔ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሠራተኛዋ «ገባ?» አለችኝ፤ «ገባ» አልኳት፤ ቀጣዩን ተራ ጠራች።