የክረምት መብራት፦ በትንሽ ወጪ ቤትዎን ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኔ ወደ ፍሪጁ እሮጣለሁ። ከሦስት ክረምት በፊት በአንድ የሐምሌ ማታ መብራት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የፍሪጃችን ኮምፕሬሰር ተቃጠለ። ጠጋኙ የጠየቀኝ ገንዘብ «ምን ያደርግልኛል» ብዬ ያለፍኩትን የቮልቴጅ መከላከያ ደጋግሞ ይገዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገባኝ፣ መብራት መጥፋቱ ራሱ ብዙም እንደማይጎዳን ነው። የሚጎዳን በጨለማው ውስጥ በእሱ ፈንታ የምናቀጣጥለውና ተመልሶ ሲመጣ ሰክተን የምንጠብቀው ነገር ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ገንዘባችን ግን ሌላ ቦታ ይሄዳል።

«ግድቡ ሞልቷል፣ ዘንድሮ አይጠፋም» ብሎ መዘናጋት

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የጎደለው ኃይል ነው። የክረምቱ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግድቦች ይሞላሉ፣ የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ግን እኛ ቤት የሚደርሰው በሰፈራችን ምሰሶ ነው። ነፋስ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይጥላል፣ ሥሩ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ያዘነብላል፣ መብረቅ ይመታል። ከመንገዱ ማዶ መብራት እያለ እኛ ጋ የሚጨልመው ለዚህ ነው። ፕሮግራም የለውም፤ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን። ዝግጅቱም ለሁለቱም ይሁን።

ሁሉንም እንደተሰካ ትቶ መብራት መጠበቅ

መብራት ሲመለስ አይረጋም፤ ከፍና ዝቅ ይላል። ኮምፕሬሰር ደግሞ ከቆመ በኋላ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ግፊቱ እስኪበርድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ወዲያው ሲነሳ ይጨናነቃል፣ ይግላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና የልብስ ማጠቢያውን ይንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ አብርተው ይተዉ፤ እሱ ይነግርዎታል። መጥቶ ሳይርገበገብ አሥር ደቂቃ ከቆየ ፍሪጁን ይሰኩ። ቀን ቀን ቤት ሰው የማይኖር ከሆነ በሶኬትና በፍሪጅ መካከል የሚሰካውን የቮልቴጅ መከላከያ ይግዙ። ቮልቴጁ ሲዛባ ይቆርጣል፤ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። የዚህን ክረምት በጀት በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ አውጡ ብባል የማወጣው በዚህ ላይ ነው።

አንድ ምልክት ግን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በዝናብና በነፋስ ጊዜ የአንዱ ክፍል ወይም የአንዱ ጎረቤት አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ የሌላው ከደበዘዘ፣ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ በ220 ቮልት የለመደው ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፤ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃሉ።

ምጣድና ካውያም እዚህ ይገባሉ። እንጀራ እየተጋገረ መብራት ይሄዳል፤ ጋጋሪዋ እጇን ታጠባ ጎረቤት ቡና ትጠጣለች፤ መብራት ይመጣል፤ ባዶው ምጣድ ይግል ጀመር። ካውያው ልብስ ላይ ተኝቶ ከሆነማ አይነሳ። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚነቀሉት ሁለቱ ናቸው። ደግሞም አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ፣ መብራት በመጣ ቅጽበት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ተመልሶ የሚሄደው አንዳንዴ በእኛው ነው።

«ጭሱ ወጥቷል» ብሎ ከሰል ወደ ቤት ማስገባት

ይህን ማስረዘሜ ሰው ስለሚገድል ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ይወርዳል፣ መብራት የለም፣ ቤቱ በርዷል። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ፍሙ ሲቀላ ይገባል። ቡና ይፈላበታል። ከዚያ ብርዱ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፣ ከሥሩ ጨርቅ ይወተፋል፣ ቤተሰቡ ይተኛል። የወጣው ግን የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ቀስ እያለ ይከማቻል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም።

ነቅተው ያሉ ሰዎችም ያታልላቸዋል። ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይፈለጋል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው እኩል ከታመመ ምች አይደለም። ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥሩ። ወተት ማጠጣቱ የተለመደ ነው፤ ከደም ውስጥ ግን አያስወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ሲሰጥ ደግሞ ያንቃል።

የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት ሲጠፋ ሰዎች ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው፣ መኪናቸውን በተዘጋ ጋራዥ አስነስተው ሊሞቁ ሲሉ በዚሁ ጋዝ አልቀዋል። ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት።

ታዲያ ብርዱስ? ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቅር፤ እዚያው ውሃ ያፍሉበት። ግማሹን ለሻይ ፔርሙስ ውስጥ፣ ግማሹን የሙቅ ውሃ መያዣ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ከጋቢ ሥር ያስገቡት። ቡናው የግድ እቤት ይፈላ ከተባለ በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ ምድጃው ከመኝታ በፊት ሳይሆን ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ወዲያው ይውጣ።

ሻማን እንደ ርካሽ መብራት መቁጠር

የአንድ ክረምት ሻማ ቢደመር ራሱ ቻርጅ የሚያደርገውን አምፖል ሳይገዛ አይቀርም። ደግሞ ሻማ መጋረጃ ያቃጥላል፣ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ሲያልቅ እሳቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀጥላል። ካበሩም ውሃ ያለበት ሳህን መሃል ያቁሙት፤ ልጅ ብቻውን ካለበት ክፍል ያርቁት።

ከትልቁ ዕቃ መጀመር

«ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ሶላር?» ብለው የሚጠይቁኝን እኔ የምጠይቃቸው፣ መብራት በሄደ በመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ምን እንደጎደላቸው ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ብርሃን፣ ስልክ፣ ዋይፋይ። ሦስቱም ጄኔሬተር አይሹም።

ለብርሃን፣ መብራት ሲኖር እየሞላ ሲሄድ ራሱ የሚበራ አምፖል ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለኩሽና፣ አንዱ ለሽንት ቤት ወይም ለደረጃ። የግድግዳውን ማብሪያ ካጠፉት ግን ብዙዎቹ አይሞሉም፣ «አይሠራም» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ፓወር ባንክ ሲገዙ በላዩ የተጻፈውን እንዳለ አይመኑ። በትክክል 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሆነ እንኳ ውስጡ ያለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 5,000 የሚል ባትሪ ያለውን ስልክ ሦስት ጊዜ ገደማ ይሞላል። በመዳፍ የሚደበቅ ሆኖ 50,000 የሚል ካዩ አልፈው ይሂዱ። ለዋይፋይ ደግሞ ትንሽ ባትሪ አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት የዋይፋዩ ቻርጀር ላይ 5፣ 9 ወይስ 12 ቮልት እንደሚል ያንብቡ፤ የተሳሳተው ያቃጥለዋል።

ገንዘብ ከተረፈ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ይመጣል፤ እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ያገለገለ የመኪና ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ማታ ማታ እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛው የሂሳብ ስህተት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት አለው፤ እንዲቆይ ከፈለጉ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ይህም አራት አምፖል፣ ዋይፋይና ትንሽ ቴሌቪዥን አምስት ሰዓት ገደማ ያቆያል። የውሃ ማፍያ ወይም ካውያ ከሰኩበት ግን ይህን ሂሳብ ይርሱት።

ሶላር ጥሩ ነው፤ ግን በጥር ፀሐይ የተሞከረ ፓነል በነሐሴ ደመና ያንኑ አይሰጥም። የፀሐይ ፋኖስ ሲመርጡ በስልክ ቻርጀርም የሚሞላውን ይምረጡ።

ጄኔሬተር ያለውም ከሰሉን ያስታውስ፤ ያው ጋዝ ነው። ኩሽና ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይነሳም። ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ሶኬት ውስጥ ሰክቶ ቤቱን ማብራትም ነውር ነው፤ ኃይሉ ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል።

ፍሪጁን በየሰዓቱ እየከፈቱ ማየት

ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ሞልቶ የታጨቀ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24። ባዶውን ቦታ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ይሙሉት፤ በረዶውም ያግዛል። የፍልሰታ ጾም ላይ ሥጋ ስለሌለ ሐሳቡ ይቀላል። ኢንሱሊን ያለበት ቤት ግን የኢንሱሊኑን ጠርሙስ ከበረዶ ጋር እንዳያነካካው፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይበላሻል።

ሳያጣሩ መደወል፣ ሳይደውሉ ምሰሶ ላይ ሰው መስቀል

የጎረቤት ቤት እየበራ የእርስዎ ከጨለመ መጀመሪያ ብሬከሩንና የካርዱን ሂሳብ ይዩ። ክረምት ሲገባ ካርዱን ቀደም ብሎ መሙላት ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። ኮርኒሱ የሚያፈስ ከሆነ፣ ውሃው በሽቦው ላይ ወርዶ ብሬከሩን እየጣለው ሊሆን ይችላል፤ ደጋግመው አያንሱት።

ሰፈሩ በሙሉ ከጠፋ ደግሞ የተለመደው ብር አዋጥቶ «ሙያተኛ» ማስወጣት ነው። በእርጥብ ምሰሶ ላይ ያለ መከላከያ የሚወጣው ልጅ ሲወድቅ የሚያዋጣለት የለም። የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካዩ፣ የሞተ ቢመስልም አይጠጉ፤ መሬቱ ርጥብ ከሆነ የበለጠ ይራቁ፣ ልጆችን ያርቁ፣ 905 ይደውሉ። ሲደውሉ የቆጣሪዎን ቁጥርና የሰፈርዎን ትራንስፎርመር ማግኛ ምልክት መናገር ያግዛል። ቁጥሩን ዛሬ፣ ፀሐይ እያለ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በሌሊት ዝናብ ባትሪ ይዞ ቆጣሪ ሥር የሚቆም የለም።