ከተሰጡ ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይወጣል? ጣና ዳር፣ በለስላሳ ቆርኪ

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ወደ ዘጌ ስትዘቀዝቅ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ከሰፈራችን ተማሪዎች ጋር እቀመጣለሁ። መሃላችን የተዘረጋው የለስላሳ ቆርኪ ነው። በየቆርኪው ሆድ ወረቀት ለጥፈን አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈንበታል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ ከእነዚህ ፊደላት ስንት ቃል ይወጣል? አዲስ የመጣ ልጅ ቆርኪዎቹን እያተራመሰ ቃሉ በራሱ ብቅ እስኪል ይጠብቃል። እንደዚያ አይመጣም። ሥራው መንገድ አለው።

ለመለማመጃ የሐይቃችንን የእንግሊዝኛ መጠሪያ እንውሰድ፤ ሌክ ታና። ፊደላቱ ኤል፣ ኤ፣ ኬ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኤ ናቸው። ስምንት ቆርኪ።

1. አናባቢዎቹን ለይታችሁ አውጡ

እኛን የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። በፊደላችን «ታ» ስንል አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ነው የሚጻፈው፤ ከሰባቱ ቅርጾች አንዱ ነው። ስለዚህ ዓይናችን አናባቢን ለብቻው መፈለግ አልለመደም። ጣና በእኛ ሁለት ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ አራት፤ ከአራቱም ሁለቱ አናባቢ ናቸው። ሦስቱን ኤ እና አንዷን ኢ ወደ ግራ፣ ኤል፣ ኬ፣ ቲ እና ኤን ወደ ቀኝ አድርጉ።

አማርኛ ያስታጠቀን ጉልበትም አለ። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት ስንል ሰ፣ በ እና ረ ቦታቸውን ይዘው በመሃላቸው ያለው ድምፅ ብቻ ይለዋወጣል። ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ውሰዱት። ኤል ፊት፣ ኬ ኋላ ይሁኑ። ኤ መሃል ገብታ ኢ መጨረሻ ስትቆም «ሌክ» ይሆናል፣ ሐይቅ። ኢ እና ኤ ተከታትለው መሃል ሲገቡ ደግሞ «ሊክ»፣ ማፍሰስ።

2. ቅርጽ ያዙ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ የሚያተርፈው ይህ ነው። እንግሊዝኛ የሚወደው አንድ ቅርጽ አለ፤ ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ተነባቢ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ የማትሰጥ ኢ። ሁለተኛ ቦታ ላይ ኤ፣ አራተኛ ቦታ ላይ ኢ አስቀምጡና አትንኳቸው። አራቱ ተነባቢዎች በቀሩት ሁለት ቦታዎች የሚደረደሩት በ12 መንገድ ብቻ ነው። 12ቱንም በተራ ሞክሩ። ስድስቱ ቃል ሆነው ይወጣሉ፤ ሌክ፣ ሐይቅ፤ ሌት፣ የዘገየ፤ ሌን፣ ጠባብ መንገድ፤ ኬል፣ የጎመን ዓይነት፤ ቴል፣ ተረት፤ ቴክ፣ መውሰድ። ኬትም ይመጣል፣ ግን የሰው ስም ስለሆነ አንቆጥረውም።

ቅርጹን ቀይሩ። ኢ እና ኤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሊን፣ ቀጭን፤ ኒት፣ ንጹሕ፤ እና ቲክ የምትባለዋ ዛፍ ይገኛሉ። ኤ ብቻዋን መሃል ሆና መጨረሻው ኤን-ኬ ሲሆን ታንክ ይመጣል፤ ኤል-ኬ ሲሆን ደግሞ «ቶክ»፣ ማውራት።

3. አብረው የሚሄዱ ፊደላትን አጣምሩ

«ቶክ» ላይ ኤል ተጽፋ አትነበብም። የአማርኛ አንባቢ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ስለለመደ በጆሮው ብቻ ሲፈልግ እንዲህ ያሉት ቃላት ያመልጡታል። ስለዚህ ጥንዶቹን በዓይን ያዙ። ኬ እና ኤን ከፊት ሲጣመሩ ኬ ድምፅ አታወጣም፤ ኢ፣ ኤል እና ቲ ሲከተሏቸው «ኔልት»፣ ተንበረከከ። መጨረሻ ላይ ኤል-ኢ ሲሆን «አንክል»፣ ቁርጭምጭሚት። ቴክ ላይ ኤን ጨምሩ፣ «ቴክን»፣ የተወሰደ።

አንድ ቀን ኬሚስትሪ ስታጠና የቆየች ልጅ ስድስት ቆርኪ ደርድራ «አልኬን» አለች፣ የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶች ቡድን ነው። ኤ-ኤል-ኬ-ኤ-ኤን-ኢ፣ ልክ ነው። ጓደኛዋ ወዲያው «አልኪንም አለ» አላት። አልኪን ግን ሁለት ኢ ይፈልጋል፣ እኛ ያለን አንድ ነው። ያን ምሽት የሁለቱ ውህዶች ልዩነት ማንም የማይረሳው ሆነ።

4. ፊደል እንዳትደግሙ

በወረቀት ብቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ነው። «ታለንት» ቲ ሁለቴ፣ «ቶል»፣ ረጅም፣ ኤል ሁለቴ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ከሌክ ታና አይወጡም። ቆርኪ ካላችሁ እጃችሁ ራሱ ይከለክላችኋል። ወረቀት ላይ ከሆናችሁ የተጠቀማችሁበትን ፊደል በመስመር ሰርዙ።

ቅይጥ ፊደላት ሲደርሷችሁ የፊደሉን ጠባይ ማወቅ ይረዳል። ስክራብል የተባለውን የፊደል ጠጠር ጨዋታ የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ሥራ አጥቶ ሳለ ጋዜጣ ላይ ፊደላትን እየቆጠረ ነው የጨዋታውን ድልድል ያወጣው። ከ100 ጠጠሮች ኢ 12፣ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሲሆኑ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ናቸው። ኪው ከያዛችሁ መጀመሪያ ዩ መኖሯን ተመልከቱ። ቪ ካለች ደግሞ መጨረሻ ላይ አታስቀምጧት፤ ብዙውን ጊዜ ኢ ትከተላታለች።

ጥያቄው ሌላ ሲሆን

አንዳንዴ የሚፈለገው ሌሎች ፊደላትም ተጨምረውበት የተሰጡትን የያዘ ቃል ነው። ለምሳሌ ቲ፣ ኤ እና ኤን ያሉበት። እዚህ ስልክ ይረዳል። እንደ ዋንሉክ ያሉ የቃላት መፈለጊያዎች ላይ የጥያቄ ምልክት አንድ ያልታወቀ ፊደልን፣ ኮከብ ደግሞ ማንኛውንም ያህል ፊደል ይተካል። ከሦስቱ ፊደላት ፊት፣ መሃልና ኋላ ኮከብ ብታደርጉ ስቴሽን እና ማውንተን ይመጣሉ። ፕላንት ግን አይመጣም፣ ምክንያቱም በእሱ ውስጥ ኤ ቀድማ ቲ መጨረሻ ናት። ሦስት ፊደል በስድስት ቅደም ተከተል ስለሚደረደር ስድስቱንም መሞከር ግድ ነው። ብዙዎች አንዱን ብቻ ሞክረው «የለም» ይላሉ።

ሁለት ቃላት በትክክል ከአንድ ዓይነት ፊደላት መሠራታቸውን ለማወቅ የሁለቱንም ፊደላት በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ደርድሩ። ሊስን፣ ማዳመጥ፣ እና ሳይለንት፣ ጸጥ ያለ፣ ሁለቱም ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን የያዝነው ባሕር ዳርን ነው፤ ቢ፣ ኤ፣ ኤች፣ አይ፣ አር፣ ዲ፣ ኤ፣ አር። ኢ ስለሌለችበት ያ ድምፅ አልባ ኢ ያለው ቅርጽ አይሠራም። ኤ እና አይ አጣምረን ጀመርን። ሄር ወጣ፣ ፀጉር። ሬይድ ወጣ፣ ወረራ። ሊጨልም ሲል ከሬይድ ፊት ቢ አስቀመጥን፤ ብሬይድ፣ ሹሩባ።