የጎረቤት ልጅ ስትይዢ የራስሽን ቀድመሽ ያዢ

ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤቴ የወሊድ ፈቃዷን ከጨረሰች ቆይታለች። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናት የራሷ ጣጣ ነው። ሞግዚቷ ደግሞ ለፋሲካ «አገሬ ደርሼ ልምጣ» ብላ እንደወጣች ቀረች። አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ልጇን ታቅፋ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆማለች። «ለዛሬ ብቻ» አለችኝ። ያ «ዛሬ» አራት ወር ሆነው።

ልጇን ባቢ እንለዋለን፤ ያኔ ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። የእኔዋ ሚሚ ሦስት ዓመት ተኩል። ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ያሰብሽ ካለሽ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ይሉኝታውን አውጥተሽ ጣይው። እኔ «ምን ችግር አለው» ብዬ ተቀብዬ በሁለተኛው ሳምንት ዳይፐር መቁጠር ጀመርኩ። በልቤ እያጉረመረምኩ በአፌ «ኧረ ግድ የለም» እላለሁ። በኋላ ቡና አፍልቼ ጠራኋትና ተነጋገርን። ዳይፐርና ወተት ከእሷ፣ ምሳ ከእኔ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ደግሞ ሁለቱንም እሷ ትይዛለች። ይህ ከገንዘብ ይበልጥብኛል፤ በወር አራት ጊዜ ብቻዬን መርካቶ እሄዳለሁ። ስለ ማርፈድም ተነጋገሩ። ማታ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የታክሲ ሰልፉን የቆመበት ያውቀዋል፤ 12 ሰዓት የተባለው 1 ተኩል ሊሆን ይችላል። የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት ካለም ጠይቂ። «ስልክሽ ካልሠራ ለማን ልደውል?» በያት። የአባቱንና የአያቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ 907 አለ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ቀጥሎ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ቤትሽን ዙሪ። እውነቴን ነው። ሚሚ ስላደገች ቤቴ ለድክ ድክ ባይ የማይሆን መሆኑን ረስቼው ነበር። የጠረጴዛው ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ላዩ ላይ ፔርሙስ አለ። በረኪናው በሃይላንድ ላስቲክ ተቀድቶ ከመታጠቢያው ሥር ቁጭ ብሏል፤ ለልጅ ውሃ ነው የሚመስለው። የሚሚ የፀጉር ዶቃ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ባልዲው ነው። ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሽንት ቤት ውስጥ ሁሌም የተሞላ ባልዲ አለ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በአፍጢሙ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም። ድምፅም አይሰማም። አሁን ሁሉም ክዳን ባለው በርሜል ነው የሚቀመጠው፣ የሽንት ቤቱም በር ይቀረቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሚከብደው የሰው ልጅ አይደለም፤ የራስሽ ነው። ባቢ በሁለት ቀን ለመደኝ። ሚሚ ግን በሦስተኛው ቀን ከተወችው ዓመት ያለፈውን ጡጦ ጠየቀችኝ። ባቢን ሳዝለው ቀሚሴን ይዛ «እኔንም እዘዪኝ» ትላለች። «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ!» አልኳት። እንዲህ እንዳትዪ። ትልቅ መሆን ቅጣት መሰላት፤ ማታ አልጋ ላይ ሸናች።

የሠራልኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የእሷ ብቻ የሆነ ካርቶን ነው። ባቢ የማይነካቸው አሻንጉሊቶች እዚያ ገብተው ቁምሳጥን ላይ ይወጣሉ። ሁሉን ነገር አካፍይ ማለት ግፍ ነው፤ እኔም ጀበናዬን ለማንም አላውስም። ሁለተኛው፣ ባቢ ከምሳ በኋላ 6 ተኩል ገደማ ሲተኛ ልብስ ማጠቡን ትቼ ከእሷ ጋር እቀመጣለሁ። ፀጉሯን እሠራታለሁ፣ ወሬ ታወራኛለች። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ስልክ ግን ከእጅሽ ይውጣ። ካርቱንም ካየች የምታየው ከዚያ በኋላ፣ እሱ ሳይነቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም። እኔ ይህን ሕግ አንዳንዴ ወጥ ሲያርርብኝ ጥሼዋለሁ።

ቅናቱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ፍቅር። ይህንን ማንም አልነገረኝም። አንድ ረቡዕ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳሎን ጸጥ አለ። ዘወር ስል ሚሚ የቆሎውን ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ ባቢን ታጎርሰዋለች። በሦስት ጣቷ ቆንጥራ፣ ልክ አያቷ እንደሚያጎርሷት፣ «በሞቴ!» እያለች። እሱም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ገና «ሚሚ!» ስል ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። እየሳለ ስለነበር አልመታሁትም፤ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጌ ያዝኩት። ሦስት አራት ጊዜ ሳለና ገብሱ ወጣ። ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የተንቀጠቀጥኩት።

ይህን ያዢ። ልጅ ትን ብሎት እየሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ አየር አለ ማለት ነው፤ ይሳል። ድምፁ ከጠፋ ግን ጎንበስ አድርጊውና በመዳፍሽ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው ሆነሽ፣ ቡጢሽን ከእምብርቱ ከፍ አድርገሽ፣ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ግፊው። እስኪወጣ አፈራርቂ፤ ሌላ ሰው 907 ይደውል። ዓመት ያልሞላው ከሆነ ሆዱን አትንኪ፤ የሚገፋው የደረቱ መሐል ነው። የማይታይሽን ነገር በጣት ልታወጪ ብትሞክሪ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ከረሜላ ለሁለቱም አይሆኑም። ለሚሚም ገና እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ምግባቸው አንድ ነው፦ ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች። ትኩሳት ካለው እናቱን ሳትደውዪላት ሽሮፕ አትስጪ። የሚሚ ልክ የባቢ ልክ አይደለም፤ መጠኑ በኪሎ ነው። ደረጃ ስትወርጂ ትንሹን እዘዪ፣ የትልቋን እጅ ያዢ፤ ዘንቢል የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ስለሌለሽ ገበያውን ተዪው።

ያን ዕለት ማታ እናቱ ስትመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። ልደብቅ አስቤ ነበር፤ አልዋሽሽም። ጸጥ ብላ ልጇን አገላብጣ አየችው። ሚሚ ከኋላዬ ብቅ ብላ «እኔ ነኝ ያጎረስኩት!» አለች፣ ደረቷን ነፍታ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ጎረቤቴ ግን ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

የቆሎው ጣሳ አሁን ከካርቶኑ ጎን ቁምሳጥን ላይ ነው። ሚሚን ማጉረስ አልከለከልኳትም። መጀመሪያ እንድትጠይቀኝ ነው የነገርኳት። በቀን ሃያ ጊዜ «እማዬ፣ ይህን ይበላል?» ትላለች። ሃያ ጊዜ እመልሳለሁ።