«ጀለስ»፣ «ብሮ»፣ «ማዘር»፦ ማንን፣ መቼ?

ጓደኛችሁን «ጀለሴ» ብትሉት ማንም ምንም አይላችሁም። ባንክ ቤት ሄዳችሁ መስኮቱ ጋ ያለውን ሰውዬ በዚያው ቃል ብትጠሩት ግን ፊቱ ይቀየራል። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቅርበቱ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ከማታውቁት ሰው ጋር ስትነጋገሩ በአክብሮት ጀምሩ። በዕድሜ የሚበልጣችሁን «እርስዎ» ወይም «አንቱ»፣ እኩያችሁን «ወንድሜ»፣ «እህቴ» በሉ። ከዚያ መቅለል ከተፈለገ ሰውየው ራሱ «ኧረ አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ» ይላል። ፈቃድ ማለት ይቺ ናት። በ«አንተ» ጀምሮ ወደ «እርስዎ» መመለስ ግን ለሁለታችሁም ይጎረብጣል።

«ፋዘር» እና «ማዘር» ላይ ጠንቀቅ በሉ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፋዘር ጠጋ በል» ሲል አንዱ አዛውንት ፈገግ ብለው ይጠጋሉ፣ ሌላው እስኪወርዱ ድረስ ያጉረመርማሉ። «አባቴ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ቢል ግን ሁለቱም በደስታ ይጠጋሉ። አርባ ዓመት ያልሞላትን ሴት «እማማ» ማለትም ከአክብሮት አይቆጠርም፣ «እህቴ» ይበቃል። «የኔ ቆንጆ» እና «ማሬ» ደግሞ መንገድ ላይ ከማታውቀው ወንድ አፍ ሲወጡ ለከፋ ናቸው፤ እዚህ ላይ «ለማሞገስ ብዬ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሌሎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን ቃል ስንዋስ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛሞች አንዱን «ወፍራሙ» እያሉ ሲጠሩት እሱም እየሳቀ «አቤት» ይላል። ትናንት የተቀላቀለ ሰው ያንኑ ቃል ሲደግመው ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ምክንያቱም እነሱ አብረው ያደጉበት፣ የተጣሉበትና የታረቁበት ዘመን አላቸው፣ እሱ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ሥራ ላይም ያው ነው። ረዳቶቹ እርስ በርሳቸው «ወያላ» ቢባባሉም ከተሳፋሪ ሲመጣ ንቀት ነው። «ረዳት» በሉ። «ዘበኛ» ከምትሉም «ጥበቃ» በሉ፤ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ስም ጠይቆ በስም መጥራት ነው፣ በተለይ በየቀኑ በር የሚከፍትላችሁን ሰው።

መንገደኛን «ቻይና!» ወይም «ፈረንጅ!» ብሎ መጮህ ይቅር። ብዙዎቹ ምን እየተባሉ እንደሆነ ገብቷቸዋል፣ አንዳንዶቹም እዚሁ ኖረው አማርኛ ይናገራሉ። የብሔር መጠሪያ ሲሆን ደግሞ ሕዝቡን ራሱን በሚጠራበት ስም ብቻ ጥሩት። የድሮ ማዋረጃ ስሞች በቀልድም፣ በዘፈንም፣ በተረትም ቢመጡ ያው ቁስል ናቸው።

«ብሮ» ከሁሉም ቀላሉ ነው። እኩያ ወጣቶች መካከል ብዙም አያጣላም። ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለሐኪም ግን አይሆንም። ቴሌግራም ላይ ዕድሜው የማይታወቅ ሰው ከሆነም «ሰላም» ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት ይሻላል።

አንድ ሰው «እንደዚህ አትጥራኝ» ካለ «ቀልድ አይገባህም?» ብላችሁ አትከራከሩት። «እሺ፣ ማን ልበልህ?» ብላችሁ ጠይቁና የነገራችሁን ተጠቀሙ። የማትወዱት ቃል እናንተ ላይ ከመጣ ደግሞ ሰው ፊት ከመቆጣት በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት። ብዙው ሰው በዚያው ይተዋል።