ከበሩ እስከ ወንበሩ፦ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከወሎ ትንንሽ ከተሞች በአንዷ አዲስ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት እንድጎበኝ ተጋብዤ ሄድኩ። መደርደሪያው ቀለሙ ገና ይሸታል፤ ወንበሮቹ ላስቲካቸው አልተገፈፈም። ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል «ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ ተጽፏል። በጽሑፉ ሥር ቆሜ ሳለሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ሊስትሮ ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ መጣ። ጥበቃው «ሳጥኑን ውጭ አስቀምጠህ ግባ» አለው። ልጁ ሳጥኑን አየ፤ አስፋልቱን አየ፤ ዞሮ ሄደ።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ብሩሽ፣ የጥቁርና የቡኒ ቀለም ቆርቆሮ፣ ጨርቅ፣ የሳሙና ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይኖራል። የልጁ ሱቅ ነው። ሱቁን መንገድ ዳር ክፍቱን ትቶ ልብ ወለድ ሊያነብ የሚገባ ነጋዴ ካለ አሳዩኝ። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው ተብሏል፣ ከለከለ።

በቤተ መጻሕፍት ሥራ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ድሃውን፣ ተፈናቃዩን፣ ማየት የተሳነውን፣ ፊደል ያልቆጠረውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ማምጣት አለብን የሚል ንግግር በየስብሰባው ሰምቻለሁ፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ሰዎቹ የሚቀሩብን ግን ከበሩ እስከ ወንበሩ ባለችው ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ስለ መጻሕፍት አመዳደብና ስለ ካታሎግ እዚህ አልጽፍም፤ እሱን ማንኛውም ሥልጠና ያስተምራችኋል።

የሳጥኑን ነገር ልጨርስ። እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከመግቢያው በስተግራ፣ ከንባብ ጠረጴዛ ሆኖ የሚታይ ዝቅ ያለ መደርደሪያ አሠርተናል። የሊስትሮ ሳጥን፣ የተሸካሚ ገመድ፣ የሱቅ በደረቴ ካርቶን እዚያ ይቀመጣል። ባለቤቱ እያነበበ ቀና ሲል ንብረቱን ያየዋል። ወጪው ጥቂት ጣውላና የአናጢ የግማሽ ቀን ሒሳብ ነበር።

በር ላይ መታወቂያ መጠየቅ

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ ካለቀ ቆይቷል። አዳራሽ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ መጽሐፍ ገልጦ፣ መጽሐፉን መልሶ ለሚወጣ ሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል? መጽሐፉ ከአዳራሹ አይወጣም። «ለጸጥታ ነው» ይሉኛል። ሻይ ቤት ሲገባ ማን ጠይቆት ያውቃል?

መታወቂያ የሌላቸውን ሰዎች ዘርዝር ብትሉኝ ይኸው፦ ዕድሜው ያልደረሰ የጎዳና ልጅ፤ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፤ ከየኔታ ደጅ ወደ የኔታ ደጅ የሚዞር የቆሎ ተማሪ፤ ከዐረብ አገር በባዶ እጇ የተመለሰች ወጣት፤ በሐይቅ ከተማ ዙሪያ መጠለያ ውስጥ ያለ ተፈናቃይ። አሁን ደግሞ ከማኅበረሰቡ የተገለሉትን ዘርዝር በሉኝ። ዝርዝሩን ሳልለውጥ መልሼ አነብላችኋለሁ።

ከዚያ የውሰቱ ጣጣ ይመጣል፦ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ። የሰው ቤት ሠራተኛዋ ዋስ ማን ነው? አሠሪዋ ናት። አሠሪዋም «መጽሐፍ ስታነቢ ልብሱን ማን ሊያጥብ ነው?» ትላታለች። ዋስ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ሰው ያለው ሰው ነው። ሰው የሌለውን ሰው «ሰው ይዘህ ና» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

እንዲህ የምቆጣው ጥፋቱ የራሴ ስለነበር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች በየትምህርት ቤቱ ሲጠለሉ አንዲት እናት ልጅ አዝለው ወደ እኛ መጡ። ለታላቅ ልጃቸው የሚነበብ ነገር ፈልገው ነው። እኔም መዝገቡን ገልጬ፣ ቀና ሳልል፣ መታወቂያ ጠየቅኩ። «ወንድምዓለም፣ መታወቂያዬ ከቤቴ ጋር ቀርቷል፤ ስሜን ግን ይዤዋለሁ» አሉኝ። ደንቡ አይፈቅድም ብዬ መለስኳቸው። ኋላ እንደሰማሁት ለብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ፈልጌ ይቅርታ እስክጠይቃቸው ድረስ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ለመግባት ምንም አንጠይቅም። ለመዋስ ስም፣ የሚያድሩበት ቦታ፣ የሚያውቃቸው አንድ ሰው። ያ ሰው የዕድር ዳኛ፣ የኔታ፣ ሸህ ወይም ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ፤ ሲመለስ ሁለት። «መጽሐፉ ቢጠፋስ?» ለሚል፣ አዎን፣ ይጠፋል። የጠፉብንን መጻሕፍት መዝገብ ስገልጥ ግን የማገኘው በአመዛኙ ባለደመወዙንና ባለዋሱን ነው። አንዳንዱ የቢሮ መኪና ይዞ መጥቶ ነው የተዋሰው።

አለቃችሁ ማስረጃ አምጣ ካላችሁ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1994 እና በ2022 የታደሰውን የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አትማችሁ ውሰዱለት። አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋ፣ በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እኩል ይሰጣል ይላል። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት በስብሰባ ላይ ያለውን ክብር ታውቃላችሁ።

በቅጣት መመካት

አንድ ልጅ መጽሐፍ አዘግይቶ ሃምሳ ብር ቢቀጣ ሃምሳ ብሩ አይመጣም፣ መጽሐፉም አይመጣም፣ ታናናሾቹም አይመጡም። ቺካጎ በ2019፣ ኒው ዮርክ በ2021 እ.ኤ.አ. የመዘግየት ቅጣትን ያነሱት ሀብታም ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ልኮ «መጽሐፉን ብቻ ስጡን» ማለት ይሻላል።

ለማያነብ ሰው ማስታወቂያ መለጠፍ

ይህችን ስጽፍ ራሴ እስቃለሁ። የጎልማሶች ትምህርት ስንጀምር «ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ በነፃ እናስተምራለን» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩና በር ላይ ለጠፍኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አንድ ሰው አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛችን፣ ከኃላፊው ይልቅ የምንፈራቸው እናት፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ ይኼ ወረቀት ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ቆም ብለው አሰቡና «ታዲያ ለማን ለጠፍከው?» አሉ።

እሳቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር እጃቸው ሳይገባ ዓመታት አለፉና ጠፋባቸው። እንደሳቸው ያሉ እናቶች በወሎ ብዙ ናቸው። «ፊደል አልቆጠረም» ብለን ከምንመዘግበው ሰው ምን ያህሉ ቆጥሮ የጠፋበት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ማስታወቂያውን ቀደድኩት። እሳቸው ነገሩን ወደ ቡና ወሰዱት። የማያነብ ሁሉ ይምጣ አላሉም፤ ያንን በጎረቤት ፊት ማን ይሰማል? ያሉት «ስልክ ያስተምራሉ» ነው። ስልክ አለማወቅ ነውር የለውም። በረካው ሳይወጣ ስድስት ሴቶች ተመዝግበው ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ሀ ሁ አልነበረም፤ ስልክ ውስጥ የልጅን ስም ለይቶ ማውጣት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከሳዑዲ የሚላክ ገንዘብ የመጣበትን የባንክ መልእክት ማንበብ። አንዷ እናት ስንት ብር እንደገባላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ያነበቡ ቀን፣ ቁጥሩ የጎረቤት ልጅ ሲያነብላቸው ከኖረው ይበልጥ እንደነበር አወቁ። በዚያ ቀን ትምህርት አልነበረም፤ ጭቅጭቅ ነበር።

«ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ሰሌዳ እንደ ሕግ ማየት

ወሎ ማንበብን በድምፅ የተማረ አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ፊት ዳዊቱን የሚደግመው በድምፅ ነው፤ ደረሳውም ከሸሁ ፊት የሚቀራው በድምፅ ነው። ዐይን ብቻውን እየሄደ አፍ ዝም ሲል ለሁለቱም ንባብ አይመስላቸውም። እኛ ደግሞ ከሌላ ቦታ ባመጣነው ደንብ ከንፈሩ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ እንገላምጣለን።

አንድ ሽርጥ የለበሰ ደረሳ ስለ ወባ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ እንደለመደው ወዝወዝ እያለ፣ በለሆሳስ ያነባል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ «ሼህ፣ ዝም በል!» አለው። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ መጽሐፉን በሁለት እጁ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። «አብሽር፣ ተመለስ» ለማለት እንኳን አልደረስኩም።

አሮጌ ወንበርና የተቀደደ ካርቶን የሞላበትን የኋላ ክፍል አጽድተን «የድምፅ ክፍል» አልነው። አሁን ለምድ የለበሰውና ሽርጥ የታጠቀው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ያንበለብላል፤ አገሩ ወሎ ነውና ማንም አልገረመው። ማየት የተሳነው ወጣትም ጓደኛው የሚያነብለት እዚያ ነው። ጩኸት ነው፤ አልክድም። በሩን መዝጋት ይቻላል።

አዳራሹን ለተፈታኞች አስረክቦ ሪፖርት መጻፍ

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባሉ፤ የራሳቸውን ደብተር ይዘው፣ ለጓደኛቸው ወንበር በደብተር ይዘው። እኛም ቆጥረን «በዚህ ወር ይህን ያህል ተጠቃሚ» እንላለን። መደርደሪያው ግን አልተነካም፤ ጉልበት ሠራተኛው በመስኮት አይቶ «የተማሪዎች ቤት ነው» ብሎ ያልፋል። ተማሪዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ቤታቸው መብራትም ቦታም የለም። ቢሆንም ከበሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ጠረጴዛዎች በደብተር መያዝ ክልክል ነው አልን። ለአንድ ወር ሰደቡን፤ ከዚያ ለመዱት።

በቢሮ ሰዓት መክፈትና መዝጋት

ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለምሳ ተዘግቶ፣ አርብ ምሳው ረዝሞ። በኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ መቼ ትምጣ? ገበሬው ከተማ የሚገባው በገበያ ቀን ነው፤ ባቲ ላይ ሰኞ ነው። ያን ቀን ለስብሰባ የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት አይቻለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት መጨመር ካልቻላችሁ የጠዋቱን ቀንሳችሁ ወደ ማታ አዙሩት።

ቁልፍ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ይኑራችሁ። ይህን አላብራራም።

ቋንቋና ፊደል አንድ ብቻ ማድረግ

ከከሚሴ በኩል የሚመጣው ልጅ አፋን ኦሮሞን በላቲን ፊደል ተምሯል፤ ለእሱ አንድ መደርደሪያ እንኳን ካልተዘጋጀ ማስታወቂያችን ለእሱ አይደለም። ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። የወሎ ሸሆች የአማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። በዚያ ፊደል አቀላጥፈው የሚያነቡ አዛውንት በእኛ መዝገብ ላይ «የማያነቡ» ተብለው ተጽፈው አግኝቻለሁ። መዝገቡን የጻፈው ልጅ ራሱ አንዲት መስመር ዐረብኛ አያነብም።

ብሬልን እንደ ማገዶ መከመር

የብሬል መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ሲጫነው ነጥቦቹ ይተኛሉ፤ የተኛ ነጥብ ደግሞ ለጣት ባዶ ወረቀት ነው። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳታጨናንቁ አቁሙት። ቁም ሳጥን ውስጥም አትቆልፉበት። አንድ ቦታ ቁልፉ የጠፋው ስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጎብኚ ሲመጣ ግን በመስታወቱ በኩል ያሳዩታል። «የቅጂ መብት ያግደናል» የሚሉም አሉ። መጽሐፍን ማየት ለተሳናቸው በብሬል ወይም በድምፅ ማዘጋጀትን የሚያቀልለው የማራካሽ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። ምክንያቱ አልቋል።

የተለገሰውን ሁሉ መቀበል

ከባሕር ማዶ የመጣ ዐሥር ካርቶን መጽሐፍ ከፍተን የድሮ የሶፍትዌር መመሪያና የሌላ አገር የግብር ሕግ አግኝተናል። ለመጣል ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለመቀበል አያስፈልግም። ከመቀበላችሁ በፊት ዝርዝሩን ጠይቁ።

የሚተኙትን ማባረር

በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የደሴ ሰው ያውቀዋል። እኛ ዘንድም ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፤ ጋዜጣ ይዘረጋሉ፤ ይተኛሉ። አዲስ የተቀጠረው ልጅ «ቤተ መጻሕፍት መኝታ ቤት አይደለም» ብሎ ሊቀሰቅሳቸው ሲሄድ እጁን ያዝኩት። ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል፤ አንድ ገጽ ሲያነቡ አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ አስተካክለናል፦ ከሶኬቱ አጠገብ አንሥተን ወደ መስኮቱ አዛውረናቸዋል፤ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉት ልጆች እየተሻገሯቸው ስለሚያልፉ።