አሮጌ ግድብን ለኤሌክትሪክ ማደስ፦ ተርባይን ከመግዛትዎ በፊት

የቆመ ግድብ አድሶ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የተርባይን፣ ማለትም ውኃው የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ዋጋ ነው። እኔ ተርባይኑን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። ማደስ እንደሚቻልማ አይተናል፤ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው 6.6 ሜጋዋቱ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ለአሥርተ ዓመታት ከቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሷል።

መጀመሪያ ወደ ግድቡ ግርጌ ይውረዱ። ጥቂት ውኃ መስረጉ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዋናው ነገር መልኩ ነው። በብርጭቆ ቀድተው ያቆዩት። ጥርት ካለ መጠኑን በየጊዜው እየለኩ ይመዝግቡ። ከብርጭቆው ሥር አፈር ካዘቀጠ ግን ውኃው ግድቡን ከውስጥ እየሸረሸረ ነው፤ ሌላውን ሥራ አቁመው ዛሬውኑ የግድብ ደኅንነት ባለሙያ ይጥሩ። የጎርፍ ማስተንፈሻው የዛሬውን ጎርፍ መቻሉንም እሱው ያስላልዎት፤ የድሮው ስሌት ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

ቀጥሎ ደለሉ ነው። ከጀልባ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ እያወረዱ ጥልቀቱን ይለኩና ከድሮው ንድፍ ጋር ያስተያዩ። ከቆዳ ፋብሪካዎች በታች የተጠራቀመ ደለል ክሮሚየም የተባለ መርዛማ ሊሆን የሚችል ብረት ሊኖረው ይችላል። በላብራቶሪ ሳያስመረምሩ የታችኛውን በር ከፍቶ መልቀቅ በወንዙ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎችን መበደል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ኃይሉን ለመገመት በሰከንድ የሚፈስሰውን ውኃ በሜትር ኪዩብ፣ የሚወድቅበትን ከፍታ በሜትር ወስደው እርስ በርስ፣ ከዚያም በ9.81 እና በመሣሪያዎቹ ብቃት (ከውኃው ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይሩት ድርሻ) ያባዙ፤ ውጤቱ በኪሎዋት ነው። 2 ሜትር ኪዩብ ውኃ ከ10 ሜትር ቢወድቅና ብቃቱ 75 በመቶ ቢሆን 147 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። የነሐሴን ወንዝ ብቻ አይቶ ማሽን ያዘዘ ሰው በመጋቢት ማሽኑ ይቆምበታል። ስለዚህ የዓመቱን ፍሰት ይያዙ፤ ለዓሣውና በታች ላሉት ተጠቃሚዎች የሚለቀቀውንም ከሒሳቡ ይቀንሱ።

ከፍታውና ፍሰቱ ከታወቀ በኋላ ተርባይኑ ይመረጣል። ለረጅም ከፍታ ፔልተን፣ ለመካከለኛው ፍራንሲስ፣ ለዝቅተኛው ካፕላን ወይም የአርኪሜድስ ጠመዝማዛ (ውኃ በላዩ እየወረደ የሚያሽከረክረው ትልቅ ብሎን መሰል ዘንግ) ይሆናል። በእንግሊዝ የኒው ሚልስ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በድሮ ፋብሪካ ግድብ ላይ የተከሉት ጠመዝማዛ 63 ኪሎዋት ነው።

በመግቢያው ላይ ቆሻሻ የሚያስቀር የብረት ፍርግርግ ያስገጥሙ። እንደ አባ ሳሙኤል እምቦጭ ባለበት ኩሬ ፍርግርጉ በየቀኑ ካልጸዳ ውኃው ይታፈናል፤ የአጽጂዎቹን ደመወዝ ከመጀመሪያው ዓመት በጀት ጀምሮ ይያዙ።